የታሸገ ሣጥን ይከፈት ወይስ ይቈይ?

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት በቍጣ ጊዜ ከአፍ ስለሚያመልጥ ቃል ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ አንድ ጊዜ ከተደረጉ በኋላ ወደ ነበሩበት የማይመለሱ ሥራዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ፥ ሲሰሙት ትንሽ ነገር ቢመስልም፥ ለብዙ ዓመታት ታሽጎ የኖረን ዕቃ መክፈት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናገረው በአሜሪካ አገር ለሰብሳቢዎች ተብሎ በልዩ ጥንቃቄ ስለ ተመታ ሳንቲምና ታሽጎ ስለሚኖርበት ትንሽ የካርቶን ሣጥን ነው። ሣጥኑ ይከፈት ወይስ እንደ ታሸገ ይቈይ? ከተከፈተስ በኋላ ሳንቲሙ ለመርማሪ ተልኮ ደረጃ ይውጣለት ወይስ ይተው? ይህ ጥያቄ ወንድምና እኅትን ሲያከራክር አይቻለሁ። ነገርን ሳይመረምሩ መፍረድ ግን ስለማይገባ፥ አስቀድሜ ታሪኩን ልናገር። የማነሣቸው ዓመታት፥ ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፈረንጆች «ፕሩፍ» የሚሉት ሳንቲም በመጀመሪያ የሙከራ ምት ነበረ። የገንዘብ መምቻ ቤት አዲስ ቅርጽ ባዘጋጀ ጊዜ፥ ቅርጹ በሚገባ መቀረጹን ለማየት ጥቂት ሳንቲሞችን በጥንቃቄ ይመታ ነበር። እነዚህም ከተራው ሳንቲም ይልቅ አምረው ስለሚወጡ ፈላጊያቸው በዛ፤ ኋላም ለሰብሳቢዎች ሆን ተብለው ይሠሩ ጀመር። ተራው ሳንቲም በፈጣን መኪና አንድ ጊዜ ተመትቶ ከብጤዎቹ ጋራ ይከመራል፤ ስለዚህ ገና ከመምቻ ቤቱ ሳይወጣ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ይጫጫራል። ለፕሩፍ ግን የሚመታበት የብረት ቅርጽም፥ የሚመታውም ጥፍጥፍ አስቀድመው እንደ መስታወት ይወለወላሉ፤ ምቱም ዝግ ባለና ኀይለኛ በሆነ መኪና ከአንድ ጊዜ በላይ ይደገማል። ከዚህ የተነሣ የሳንቲሙ ሜዳ የተመልካቹን ፊት ያሳያል፤ የፊደሉና የምስሉም ጠርዝ ጥርት ብሎ ይቆማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ፕሩፍ የአሠራር ስም ነው እንጂ የደረጃ ስም አይደለም። ፕሩፍ ሆኖ የተመታ ሳንቲም በስሕተት ወደ ገበያ ወጥቶ በእጅ ቢታሽ፥ ቢጫጫርም፥ አወላለዱ ፕሩፍ መሆኑ አይቀርም፤ ነገር ግን መልኩ ጠፍቷልና ዋጋው ይወርዳል። አወላለድ ሌላ፥ አኗኗር ሌላ ነው። ወጣት አንባቢዬ፥ ይህን ከሳንቲም ብቻ የምትማረው ነገር እንዳይመስልህ። በጥሩ ትምህርት ቤት ማደግ፥ ከተከበረ ቤት መወለድ የአመታት ጒዳይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው አያያዝ ግን ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል።

የአሜሪካ የገንዘብ መምቻ ቤት ፕሩፍ ሳንቲም ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1916 አቆመ፤ በ1936 እንደ ገና ጀመረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከ1942 በኋላ ደግሞ ተቋረጠ። ለሦስተኛ ጊዜ የተጀመረው በ1950 ሲሆን፥ በዚያ ዓመት 51,386 ሙሉ ስብስብ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ፈላጊው እየበዛ ሄዶ በ1953 ቍጥሩ 128,800፥ በ1955 ደግሞ 378,200 ደረሰ። አንዱ ስብስብ አምስት ሳንቲሞች አሉት፤ እነርሱም የሊንከን ምስል ያለበት 1 ሳንቲም፥ የጄፈርሰን 5 ሳንቲም፥ የሩዝቬልት 10 ሳንቲም፥ የዋሽንግተን 25 ሳንቲምና የፍራንክሊን ግማሽ ዶላር ናቸው። አምስቱ ቢደመሩ 91 ሳንቲም ይሆናሉ፤ ገዢው ግን 2 ዶላር ከ10 ሳንቲም ወደ ፊላደልፊያ ልኮ በፖስታ ይቀበል ነበር። የ10፥ የ25ና የ50 ሳንቲሞቹ ከመቶው ዘጠናው እጅ ብር ስለ ሆኑ፥ በአንድ ስብስብ ውስጥ ወደ 19 ግራም ጥሩ ብር ይገኛል።

አስተሻሸጉም እንዲህ ነበረ። እያንዳንዱ ሳንቲም በስስ ከረጢት ይገባል፤ አምስቱ ከረጢቶች በአናታቸው ላይ በስቴፕለር ሽቦ ይያያዛሉ፤ በስስ ወረቀት ይጠቀለሉና በትንሽ ካርቶን ገብተው በማጣበቂያ ይታሸጋሉ። በ1955 መካከል ይህ አሠራር በጠፍጣፋ ፕላስቲክና በፖስታ ተተካ። ስለዚህ ከ1950 እስከ 1955 የወጡት ሣጥኖች የአንድ አጭር ዘመን ምልክት ናቸው።

ይሁን እንጂ ያ ሽቦ ብረት ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል። ካርቶንና ወረቀትም በውስጣቸው ድኝ ካለባቸው ብርን ያጠቍራሉ። ሰው «ታሽጓልና ደኅና ነው» ብሎ ሲተኛ፥ ሣጥኑ በውስጡ ሥራውን ይሠራል። አንዳንድ ጊዜ ያ ጥቍረት እንደ ቀስተ ደመና ያማረ ቀለም ሆኖ የሳንቲሙን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ነጠብጣብ ሆኖ ያበላሸዋል። የትኛው እንደ ደረሰ ከውጭ ሆኖ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ደረጃ አወጣጡ ልሂድ። በ1949 ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ ስለ ጥንታውያን የአሜሪካ ባለ 1 ሳንቲም የመዳብ ገንዘቦች በጻፈው መጽሐፍ፥ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። አሳቡም ምስሉ እስኪጠፋ ያለቀው ሳንቲም 1 ዶላር ቢያወጣ፥ እንከን የሌለው 70 ዶላር ያወጣል የሚል ነበር። ገበያው ወዲያው ተለዋውጦ የዋጋው ስሌት ፈረሰ፤ ቍጥሩ ግን ቀረ። ዛሬ በአሜሪካ ሳንቲም ሁሉ የሚለካው በዚሁ ነው፤ ያልተጐዳ ፕሩፍም ከ60 እስከ 70 ያለውን ቍጥር ያገኛል።

የዚህ ሰው ታሪክ ግን በቍጥሩ አያበቃም። ሼልደን በ1977 ከሞተ በኋላ፥ በኒውዮርክ የሚገኘው የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ከስብስቡ ውስጥ ብዙ ምርጥ ሳንቲሞች በዝቅተኞች ተለውጠው እንደ ነበር ደረሰበት፤ የለወጣቸውም እንዲያጠና የታመነው ሼልደን ራሱ መሆኑን አስረድቶ በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ረታ። ያልተዛነፈ ዐይን የነበረው ሰው ያልተዛነፈ እጅ አልነበረውም። የሚያሳዝነውም ነገር፥ ከሁሉ ይልቅ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ያወቀው እርሱ ስለ ሆነ፥ የትኛውን ወስዶ የትኛውን እንደሚተካ የረዳው ያው ዕውቀቱ መሆኑ ነው። ዕውቀት ብቻውን ሰውን አያቀናም፤ መለኪያውን የሠራው ሰው ስለ ወደቀ ግን መለኪያው ሐሰት አይሆንም። ሁለቱን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል።

በ1986 ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. የተባለው ኩባንያ፥ በ1987 ደግሞ ኤን.ጂ.ሲ. የተባለው ሥራ ጀመሩ። ባለቤቱ ሳንቲሙን ከነዋጋው ይልካል፤ ከአንድ በላይ የሆኑ መርማሪዎች ያዩታል፤ ከዚያም ቍጥሩ ተጽፎ ሳንቲሙ በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል። ይህ ሥራ ብዙ ጥቅም ሰጥቷል። ቀድሞ ሻጩ ሲሸጥ «እጅግ ያማረ ነው» ይል የነበረውን ሳንቲም ሲገዛ «ተራ ነው» ይለው ነበር፤ ሦስተኛ ወገን ሲገባ ግን ይህ ማጭበርበር ቀነሰ፤ ሐሰተኛውም ሳንቲም ተለየ። ነገር ግን ቍጥሩ የሰው አስተያየት ነው። ፕላስቲኩን ሰብረው ያንኑ ሳንቲም አንድ ቍጥር ይጨመርልኝ ይሆናል ብለው መልሰው የሚልኩ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዴም ይጨመርላቸዋል። ሳንቲሙ ሳይለወጥ ስሙ ይለወጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ለመክፈት የሚገፋፋው ምክንያት ምንድን ነው? በዚያ ዘመን የመምቻው ብረት አዲስ ሲሆን የምስሉ ጒድጓድ ሻካራ ስለሚሆን፥ መጀመሪያ የሚመቱት ጥቂት ሳንቲሞች ሜዳቸው እንደ መስታወት፥ ምስላቸው ግን እንደ አመዳይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ምቱ ሲደጋገም ሻካራው ይለሰልስና የሚቀጥሉት ሳንቲሞች ምስላቸውም ሜዳቸውም እኩል የሚያብለጨልጭ ይሆናል። ያ አመዳይ ያለበት ከሌላው በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ስለዚህ በታሸገው ሣጥን ውስጥ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ይኖር ይሆናል የሚል ተስፋ አለ። በዚያው ተስፋ ምክንያት ያልተከፈተው ሣጥን ከተከፈተው የበለጠ ዋጋ ያወጣል። ገዢው የሚገዛው ሳንቲሙንም አለማወቁንም ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። እንዲያውም አሮጌውን ማጣበቂያ በሌላ ማጣበቂያ ተክተው፥ የተመረጠለትን ሣጥን «ያልተነካ ነው» እያሉ የሚሸጡ አታላዮች ስላሉ፥ ማኅተሙ ራሱ ምስክር የሚያስፈልገው ሆኗል።

ገንዘብን በመልኩ መመርመር ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን በጠገራ ብር ሲገበያዩ የማርያ ቴሬዛን ዘውድ ዕንቍና የትከሻዋን ጌጥ በዐይንና በጣት ሳይመረምሩ አይቀበሉም ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 ብትሞትም ብሩ በዚያው ዓመት ስም ከዚያ በኋላም ይመታ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ የሚያምነው የዓመቱን ጽሕፈት ሳይሆን የምቱን ጥራት ነበረ። ኋላም በ1936 ዓመተ ምሕረት ስም የወጡት የኢትዮጵያ ሳንቲሞች በመጀመሪያ የተመቱት እዚያው ፊላደልፊያ ነው። የመጀመሪያው የመዳብ 25 ሳንቲም ክብ ነበረና አንዳንድ ሰዎች ብር እየቀቡ የብሩ 50 ሳንቲም ነው እያሉ ስላሳለፉት፥ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተደርጎ ተለወጠ። ቅብ ባለበት አገር ሁሉ መርማሪ ያስፈልጋል።

አሁን ይህን ሁሉ ወደ አንድ ቤት ላምጣው። አጎቴ በ1953 በአሜሪካ ተማሪ ሳለ ከእነዚህ ሣጥኖች አንዱን ገዝቶ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር ወደ 2 ብር ከ50 ይመነዘር ስለ ነበረ የከፈለው ከ5 ብር ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ለተማሪ ግን ይህ የብዙ ቀን ምሳ ነበር። ሣጥኑን ሳይከፍተው ኖሮ ለሁለቱ ልጆቹ ተወላቸው። ልጆቹ የሚኖሩት በአሜሪካ ነው። የወንድየው ልጅ ኮሌጅ በገባች ጊዜ የትምህርቷ ወጪ አስጨነቀውና፥ «ሣጥኑ ይከፈት፤ አምስቱም ለመርማሪ ይላኩ፤ አንዱ እንኳ ጥሩ ቍጥር ቢያገኝ ልጄን ያስተምርልኛል» አለ። እኅቲቱ «አባዬ እንዳኖረው ይኑር፤ መሸጥም ካስፈለገ እንደ ታሸገ ይሸጥ» አለች። ነገሩ ከሳንቲም አልፎ ወደ ኩርፊያ ደረሰ። በመጨረሻም ደወሉልኝና «ጋሼ፥ አንተው ፍረድ» አሉኝ።

እኔም ፍርድ ከመስጠቴ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠየቅኋቸው። የመጀመሪያው፥ «የምትከፍቱት ለማወቅ ነው ወይስ ለማግኘት?» የሚል ነበረ። ለማግኘት የሚከፍት ሰው የፈለገውን ካላገኘ ሣጥኑንም፥ አባቱንም፥ እኅቱንም ይወቅሳል፤ ለማወቅ የሚከፍት ግን ምንም ቢያገኝ ያሰበውን አግኝቷል። ሁለተኛው፥ «ታሽጎ ቢሸጥና በውስጡ ያለው ተበላሽቶ ቢገኝ ጒዳቱ የማን ነው?» አልኳት። ገዢው አለማወቁን ዐውቆ እስከ ገዛ ድረስ ሽያጩ ማታለል አይደለም፤ ሆኖም ሽቦው ይዝግ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ሻጭ ጥርጣሬውን መናገር ይገባዋል። ሦስተኛው፥ «ቍጥሩ የጠላችሁት ሆኖ ቢገኝ ትቀበሉታላችሁን?» የሚል ነበረ። ወንድየው በዚህ በሦስተኛው ላይ ብዙ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ የመሰለኝን ነገርኋቸው። ታሽጎ መኖሩ ጥበቃ ቢሆን ኖሮ ይታሸግ ባልሁ ነበር፤ ነገር ግን ሽቦና ካርቶን ጠባቂ አይደሉም። አባታችሁ የተወላችሁ ሳንቲሙን ነው እንጂ ዝገቱን አይደለም። ስለዚህ ይከፈት፤ ሲከፈት ግን ሁለታችሁም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣችሁ ይሁን፤ ሣጥኑ ከነማጣበቂያው አስቀድሞ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ለስላሳ ጨርቅ ይነጠፍ፤ ሳንቲሙ በጠርዙ ብቻ ይያዝ፤ በላዩ ላይ አይወራበት፥ የምራቅ ፍንጣሪ ከዓመታት በኋላ ነጥብ ይሆናልና። ከሁሉ በላይ ቆሽሾ ቢገኝም አይወልወል። ሰው አሳምራለሁ ብሎ የፈተገው ሳንቲም ለዘለዓለም የተጐዳ ነው፤ መርማሪውም ወዲያው ያውቀዋል። ለመርማሪ መላኩን ግን ዐዋቂ ሰው ካየው በኋላ ወስኑ፤ የምርመራው ዋጋ ከሚጨምረው ዋጋ በልጦ ሊገኝ ይችላልና።

እንዳልሁት አደረጉ፤ እኔም በስልክ ምስል ተመለከትሁ። ሽቦው ዝጓል፤ ዝገቱም ወደ ከረጢቱ አፍ ወርዶ ከ25 ሳንቲሙ ጥቂት ብቻ ቀርቶት ቆሟል። የ5 ሳንቲሙ ፊት ጭጋግ ለብሷል፤ የመዳቡ 1 ሳንቲም በጠርዙ ላይ ጥቍር ነጥብ አለው። የፍራንክሊን ግማሽ ዶላር ንጹሕ ነበረ፤ አመዳይ ግን የለበትም፤ ፊቱም ሜዳውም እኩል ያብለጨልጫል። የታየውም ነጋዴ፥ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበረና፥ «እነዚህን ብትልኳቸው የምትከፍሉት ከምታገኙት ይበልጣል፤ አትላኩ» አላቸው። ወንድየው አንገቱን ደፋ። ሣጥኑ ሳይከፈት ቢሸጥ የተሻለ ዋጋ ያወጣ እንደ ነበር ያን ጊዜ ሁላችንም ዐወቅን፤ ይህን አልሸሽገውም። እኅቲቱ ግን፥ ለመክፈት ያልፈለገችው እርስዋ ሆና ሳለ፥ «እንኳን ሳንሸጠው ከፈትነው፤ አሁን አባታችን የተወልን ምን እንደ ሆነ ዐወቅን። ለልጅቷ እኔም በየወሩ እጨምራለሁ» አለችው። ሳንቲሞቹ በማይጐዳቸው ፕላስቲክ ገቡ፤ ባዶው ሣጥን ለብቻው ተቀመጠ።

ወጣቶች ሆይ፥ ከዚህ የምትወስዱት ትምህርት «ሣጥንን ሁሉ ክፈቱ» የሚል እንዳይሆን እፈራለሁ። ሣጥኑ ከሚጐዳ ነገር የተሠራ ባይሆን፥ ወይም ሁለቱ ወራሾች ባይስማሙ ኖሮ፥ ፍርዴ ሌላ በሆነ ነበር። የሚመለስ ሥራ በቶሎ ቢሠራ ይታረማል፤ የማይመለስ ሥራ ግን ምክርና ምስክር ይፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለችው ሴት እንኳ የምትለቅመው ነገር አግኝታለች፤ ማኅተም ሲቀደድ ግን የሚለቀም የለም።

ስለ ቍጥሩም አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ እናንተ ከሳንቲሙ ይልቅ በብዙ ቍጥር ትለካላችሁ፤ የፈተና ውጤት፥ የምስክር ወረቀት፥ የደመወዝ እርከን አለ። መለካትን አትጥሉ፤ መለኪያ በሌለበት ገበያ የሚጠቀመው አታላይ ነው። ነገር ግን ቍጥሩ የተጻፈው በፕላስቲኩ ላይ ነው እንጂ በሳንቲሙ ላይ አይደለም። ፕላስቲኩን እየሰበሩ የተሻለ ቍጥር ሲለምኑ ዕድሜ ከመጨረስ፥ መጀመሪያ በውስጥ ያለውን ማጥራት ይሻላል። አባቶቻችንም ይህን ሲያዩ፥ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል።